የታፈነ የድሮ ስፒከር፦ ካፓሲተሩን በትንሽ ወጪ እንዴት ልቀይር?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ከአባቱ ቤት ያገኛቸው ሁለት የመደርደሪያ ስፒከሮች አሉት። የጃፓን ሥራ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከ35 ዓመት አያንስም። ባሱ ደህና ነው፤ ድምፁ ግን ታፍኗል። ሲምባሉ አይሰማም፤ የዘፋኙ «ስ» እና «ሽ» ደብዝዟል። ከፍቶ ሲያይ ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ) ላይ 3.3 ማይክሮፋራድ፣ ዎፈሩ (ባሱን የሚያወጣው ትልቁ) ላይ ደግሞ 10 ማይክሮፋራድ የሚሉ ካፓሲተሮች አግኝቷል፤ ማይክሮፋራድ የካፓሲተር መጠን መለኪያ ነው። ሁለቱም 50 ቮልት ናቸው። አንድ ወዳጁ ከውጭ የሚመጡ ውድ ካፓሲተሮች እንዲገዛ መክሮታል። የአራቱ ዋጋ ግን ከስፒከሮቹ ዋጋ በለጠበት። «በትንሽ ገንዘብ ምን ማድረግ እችላለሁ? ደግሞስ የትዊተሩን ካፓሲተር ከፍ ባደርገው ድምፁ ይበልጥ ይጠራልኝ ይሆን?» ይላል።

ወንድሜ፣ ወዳጅህ ያለው ነገር ከነጭራሹ ስህተት አይደለም። በዚህ ዕድሜ ያለ ስፒከር ሲታፈን ቀዳሚው ተጠርጣሪ ካፓሲተር ነው። ሌሎች ተጠርጣሪዎችም ግን አሉ። ስለዚህ ገንዘቡን ለጊዜው ኪስህ ውስጥ አቆየው። መጀመሪያ መታየት ያለባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ፤ ምንም ወጪ የላቸውም።

አምፕሊፋየሩን አጥፋና የግራውን ስፒከር ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ቀይረህ አገናኝ። መታፈኑ ስፒከሩን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የስፒከሩ ነው። በነበረበት ጎን ከቀረ ግን ችግሩ አምፕሊፋየሩ ወይም ገመዱ ጋ ነው፤ ስፒከሩን አትንካው። ሁለቱም እኩል የታፈኑ ከሆነ ደግሞ ከጎረቤት ሌላ ስፒከር ተውሰህ በዚያው አምፕሊፋየር ሞክር። ይህን ሳያደርጉ ክሮስኦቨር (ድምፁን ለትዊተርና ለዎፈር የሚከፋፍለውን ክፍል) የሚበታትኑ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርገህ ጆሮህን ወደ ትዊተሩ አስጠጋ። ጨርሶ ዝም ካለ ወይ ትዊተሩ ተቃጥሏል፣ ወይ የሆነ ቦታ ተቋርጧል። በስሱ እያንሾካሾከ ከሆነ እኔ ካፓሲተሩን እጠረጥራለሁ። በቴስተር ለማረጋገጥ የትዊተሩን አንድ ሽቦ አላቅቅና ኦም ላይ አድርገህ ለካው። 8 ኦም የተባለ ትዊተር አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ኦም ያሳያል። ምንም ካላነበበ ትዊተሩ ሞቷል፤ የትኛውም ካፓሲተር አያስነሳውም። ሽቦውን ሳታላቅቅ አትለካ። አንዳንድ ክሮስኦቨር ላይ ከትዊተሩ ጎን ለጎን የተገናኘ ጥቅል ሽቦ አለ። ቴስተሩ እሱን ያነብና ከ1 ኦም በታች ያሳይሃል፤ አንተም ጤነኛውን ትዊተር ሾርት አድርጓል ብለህ ትጥለዋለህ።

አንድ ነገር አደራ። ትዊተሩን «ይሠራ እንደሆነ ልሞክረው» ብለህ ያለ ካፓሲተር በቀጥታ ከአምፕሊፋየር ጋር አታገናኘው። ባሱ በሙሉ ይገባበታል። ውስጡ ያለው ሽቦ ከፀጉር የቀጠነ ነው፤ ወዲያው ሊበጠስ ይችላል።

የዎፈሩንም ጠርዝ እየው። ጎማ ወይም ጨርቅ ከሆነ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ስፖንጅ ከሆነና በጣትህ ስትነካው የሚፈረፈር ከሆነ ግን መጀመሪያ እሱ ይሠራ፤ ካፓሲተሩ ይቆይ። ስፒከሩ የትዊተር መጠን መቆጣጠሪያ ካለውም ደጋግመህ ወዲያና ወዲህ አዙረው። ውስጡ ዝጎ ድምፅ የሚያስቀር ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የወጣው የአሜሪካኑ ኤአር-4ኤክስ ስፒከር በዚህ ችግር የታወቀ ነው። ብዙ ሰው ካፓሲተሩን ቀይሮ ምንም ለውጥ ሲያጣ ጥፋቱ እዚያች ማዞሪያ ላይ ሆኖ ይገኛል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ካፓሲተሩ ላይ ካረፍን ወደሱ እንምጣ።

ያንተዎቹ ኤሌክትሮላይቲክ ናቸው። ላያቸው ላይ «ቢፒ» ወይም «ኤንፒ» የሚል ጽሑፍ ታያለህ፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የሌላቸው ማለት ነው። ውስጣቸው የተጠቀለለ ስስ አሉሚኒየምና በፈሳሽ የራሰ ወረቀት አለ። ፈሳሹ በዓመታት ውስጥ በጎማው መክደኛ በኩል ቀስ እያለ ያልቃል። ያን ጊዜ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው መጠኑ ነው፤ ከተጻፈበት ይርቃል። ሁለተኛው ውስጣዊ ተቃውሞው ነው፤ ኦሙ ያድጋል። ብዙ ጊዜ ድምፁን የሚያፍነው ይህ ሁለተኛው ነው። 8 ኦም በሆነ ትዊተር ላይ ካፓሲተሩ 5 ኦም ቢጨምርበት ወደ 4 ዴሲቤል የሚጠጋ ድምፅ ይጠፋል። 4 ዴሲቤል ደግሞ ማንም ጆሮ የሚለየው ነው።

መጠኑ ሲቀንስ የሚሆነውን ለማየት ቀላል ስሌት አለ። 159,000ን ለኦሙና ለማይክሮፋራዱ ብዜት አካፍል። 8 ኦም ሲባዛ በ3.3፣ 26.4 ነው። 159,000 ለ26.4 ሲካፈል ወደ 6,000 ኸርዝ ይመጣል፤ ኸርዝ የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው። ትዊተርህ ሙሉ ድምፁን መስጠት የሚጀምረው እዚያ አካባቢ ነው። ካፓሲተሩ አርጅቶ ወደ 2.2 ቢወርድ መነሻው ወደ 9,000 ኸርዝ ይሸሻል። በመሃል ያለው ድምፅ ባለቤት ያጣል። የማሲንቆው ጭራ ሲፋተግ የሚሰማው፣ የዋሽንቱ ትንፋሽ፣ የተናጋሪው «ስ»፣ ከዚህ ብዙው የሚገኘው እዚያው መሃል ላይ ነው።

ቴስተርህ ካፓሲተር የሚለካ ከሆነ አንድ እግሩን ከቦርዱ ነቅለህ ለካ። ነገር ግን ንባቡን ብቻ አትመን። ያረጀ ኤሌክትሮላይቲክ ኤሌክትሪክ ማሾለክ ሲጀምር መጠኑ ከተጻፈበት በላይ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። «3.3 ተብሎ 4.1 አሳየኝ፤ እንዲያውም በርትቷል» ብሎ የተወው ሰው አውቃለሁ። የበረታ አልነበረም። ውስጣዊ ተቃውሞ የሚያሳዩ ርካሽ የቻይና መለኪያዎች አሉ፤ ኤልሲአር-ቲ4 የሚባለው በብዙ ጠጋኞች እጅ ይገኛል። ከሌለህ የሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ጋ ሄደህ አስለካ፤ የደቂቃ ሥራ ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። አንዱን ስፒከር ብቻ መጀመሪያ ሥራ። ሌላውን እንዳለ ተወው። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጥና አምፕሊፋየሩን ሞኖ ላይ አድርገህ፣ ሞኖ ከሌለው ሚዛን ማዞሪያውን ግራና ቀኝ እያልክ፣ አንድ ዓይነት ዘፈን በእኩል ድምፅ አዳምጥ። ያልተነካው ስፒከር ምስክርህ ነው። ልዩነቱ ከተሰማህ ሁለተኛውን ቀጥል። ካልተሰማህ እዚያው አቁም፤ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው፤ የቀረውን ገንዘብ አትርፈሃል። ሁለቱን በአንድ ቀን ቀይሮ «ገነት የገባሁ መሰለኝ» የሚል ሰው ግን ከምን ጋር እንዳወዳደረ አያውቅም። ጆሮ ትናንት የሰማውን በትክክል አያስታውስም። ልዩነቱ ተሰምቶህ ከቀጠልክ ደግሞ ሁለተኛውንም በዚያው ዓይነትና በዚያው መጠን ሥራ። ግራና ቀኝ ከተለያዩ ዘፋኙ ከመሃል ይነሳና ወደ አንድ ጎን ይሄዳል።

ወደ ግዢው ስንመጣ፣ ገንዘብህ ውስን ከሆነ ቅድሚያ የሚሰጠው ለትዊተሩ 3.3 ነው። የትዊተሩ ድምፅ በሙሉ የሚያልፈው በሱ ውስጥ ነው። የዎፈሩ 10 ማይክሮፋራድ ከዎፈሩ ጎን ለጎን የተገናኘ ነው፤ ሥራው የተረፈውን ከፍተኛ ድምፅ ወደ ጎን ማስወገድ ነው። እዚያ አዲስ ኤሌክትሮላይቲክ ቢፒ ይበቃል። ውድ ነገር እዚያ ላይ ማዋል አልመክርም። ክሮስኦቨሩን የሠሩት ኢንጂነሮች የኤሌክትሮላይቲኩን ትንሽ ተቃውሞ አስበውበት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ በዓይነቱ መተካት እንዲያውም ይሻላል።

ቮልቴጅ ብዙ አያስጨንቅህ። በቻናል 50 ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር 8 ኦም ላይ ጫፉ ወደ 28 ቮልት ነው። 50 ቮልት ይበቃል፤ 100 ከተገኘ ደስ ይላል፤ ከዚያ በላይ ያለው የካፓሲተሩን ሰውነት ያገዝፋል እንጂ ድምፁን አይለውጥም።

ርካሹና ቀጥተኛው መንገድ አዲስ ቢፒ ኤሌክትሮላይቲክ መግዛት ነው። ዋጋው ትንሽ ነው። ሌላ 20 ዓመት ቢያገለግልህ ምን ጎደለህ? ችግሩ ሁልጊዜ የሚገኝ አለመሆኑ ነው። መርካቶ ስትጠይቅ በእጅህ የሚሰጡህ ብዙውን ጊዜ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ያለውን ተራውን ነው። እሱን ለብቻው እንዳታስገባ። የሙዚቃ ኤሌክትሪክ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ስለሆነ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ይበላሻል። ሁለቱን ግን ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ አገናኝተህ በተከታታይ ካሰርካቸው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የሌለው አንድ ካፓሲተር ይሆናሉ። መጠኑ በግማሽ ይወርዳል። ሁለት 22 ማይክሮፋራድ 11 ይሆናሉ፤ ለዎፈሩ 10 ምንም አይልም። ለትዊተሩ ሁለት 4.7 ብታስር 2.35 ይሆናል። ከሱ ጎን ለጎን (ሁለቱን እግሮች ከሁለቱ ጫፎች ጋር አያይዘህ) አንድ 1 ማይክሮፋራድ ፊልም ካፓሲተር፣ ማለትም በፈሳሽ ፈንታ ስስ ፕላስቲክ ያለበትን፣ ብትጨምር 3.35 ደረስክ። ጎን ለጎን ሲታሰሩ እንደሚደመሩ አትርሳ። ከኮምፒውተር ቦርድ የተነቀለ አሮጌ ካፓሲተር ለዚህ ሥራ አትጠቀም፤ እሱም እንዳንተዎቹ ካፓሲተሮች አርጅቷል።

እኔ የምወደው ግን ሌላ መንገድ ነው። የጣሪያ ቬንቲሌተር፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽንና የውሃ ፓምፕ ውስጥ ያለ ካፓሲተር አይተህ ታውቃለህ? ላዩ ላይ ሲቢቢ60 ወይም ሲቢቢ61 የሚል ከሆነ ፖሊፕሮፒሊን ፊልም ነው። ወዳጅህ ግዛ ያለህ ውድ ካፓሲተር ውስጥ ያለውም ያው ፖሊፕሮፒሊን ነው። ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የለውም። ፈሳሽ ስለሌለው አይደርቅም። 450 ቮልት ስለሚችል በስፒከር ላይ ምንም አይነካውም። ሲቢቢ61 አራት ማዕዘኑ የቬንቲሌተር ነው፤ ከ1 እስከ 5 ማይክሮፋራድ ድረስ በትንንሽ ልዩነት ይገኛል። 2 እና 1.2 ጎን ለጎን ብታስር 3.2 ይሆናል፤ ከሚፈለገው በ3 በመቶ ብቻ ያንሳል። ክቡ ሲቢቢ60 ደግሞ የፓምፕና የማጠቢያ ማሽን ነው፤ ለዎፈሩ ቢፒ ካጣህ 10 ማይክሮፋራድ በቀላሉ ታገኛለህ። ቬንቲሌተር የማይጠፋበት እንደ ድሬዳዋና አዳማ ያለ ሞቃት ከተማ ከሆንክ ማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ይኖረዋል። አዲስ አበባም አይጠፋም።

ሦስት ጥንቃቄ ግን አለ። ሲዲ60 የሚል ጽሑፍ ካየህ ተወው። እሱ ሞተር ለማስነሳት ብቻ የሚያገለግል ኤሌክትሮላይቲክ ነው፤ ከውጭ ሲታይ ከሲቢቢ60 ጋር ስለሚመሳሰል ሻጩም ሊሳሳት ይችላል። ሁለተኛ፣ ርካሾቹ ላይ የተጻፈው መጠን ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ቴስተር ይዘህ ሂድና ሱቁ ውስጥ ለካቸው፤ ለግራና ለቀኝ የሚቀራረቡትን ምረጥ። ሦስተኛ፣ ከተጣለ ማሽን ነቅለህ የምትወስድ ከሆነ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል እግሮቹን በባዶ እጅ አትንካ። በመጀመሪያ ሁለቱን እግሮች በሬዚስተር (ኤሌክትሪክን በሚገድብ ትንሽ ዕቃ) አገናኝተህ አራግፈው። ከአሮጌ የፍሎረሰንት መብራት የወጣ በዘይት የተሞላ የብረት ቆርቆሮ ካገኘህ ደግሞ ጨርሶ አትውሰደው። የድሮዎቹ ዘይት መርዛማ ሊሆን ይችላል።

ከጠጋኝ ቤት ትንንሽ ፊልም ካፓሲተሮችንም መሰብሰብ ትችላለህ። ላያቸው ላይ ያለው ቁጥር በፒኮፋራድ ነው፤ የመጨረሻው አኃዝ የዜሮ ብዛት ነው። 225 ማለት 22 ላይ አምስት ዜሮ፣ ማለትም 2.2 ማይክሮፋራድ ነው። 105 አንድ ነው፤ 104 ደግሞ 0.1። ሦስቱን ጎን ለጎን ስታስር ልክ 3.3 ይሆናል። ከቁጥሩ ቀጥሎ «ጄ» ካለ ስህተቱ ከ5 በመቶ አያልፍም፤ «ኬ» ካለ 10 በመቶ ነው።

ስለ ውዶቹ የምለው አንድ ነገር ነው። ገንዘብ ያለው ይግዛ፤ ጥሩ ሥራ ናቸው። ግን መጠኑ የተስተካከለ ርካሽ ፊልም፣ መጠኑ ከተዛባ ውድ ፊልም ይበልጣል። ዘመድህ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የሚመጣ ከሆነና ማስጨነቅ ካልፈለግህ፣ ተራ የሆነውን የኦዲዮ ፊልም 3.3 ሁለት ፍሬ ብቻ አስመጣ። ኪስ ውስጥ ይገባል።

አሁን ሥራው። ሽቦዎቹን ከመንካትህ በፊት በስልክህ ከሁለት አቅጣጫ ፎቶ አንሳ። የትኛው ቀለም የት እንደገባ በግልጽ ይታይ። የትዊተሩ ሽቦ ከዎፈሩ ጋር ሲነጻጸር የተገለበጠ መስሎህ «ላስተካክለው» እንዳትል። ብዙ ክሮስኦቨር ላይ ሆን ተብሎ ነው የሚገለበጠው።

ዎፈሩን ለመፍታት ካቻቢቴ ስታስጠጋ ተጠንቀቅ። ከሾጣጣው ወረቀት በስተጀርባ ያለው ማግኔት ካቻቢቴውን ከእጅህ ይነጥቅና ወረቀቱን ይበሳዋል። ዎፈሩ ላይ ክብ አድርገህ የቆረጥከው ካርቶን አስቀምጥ፤ ብሎኖቹ ብቻ ይውጡ። ካቻቢቴውን በሁለት እጅ ያዝ፤ በአንዱ አዙር፣ በሌላው ምሰሶውን ደግፍ። የተፈታውን ብሎን ማግኔቱ አጠገብ አታስቀምጥ። ዎፈሩ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ አልወጣ ካለህ በጠርዙ አትጎልጉለው። ሳጥኑን ፊቱን ወደ ታች፣ ለስላሳ ነገር ላይ አድርገህ ጀርባውን በመዳፍህ ቀስ ብለህ ምታ፤ በራሱ ክብደት ይለቃል።

አሮጌው ሽቦ ጠቁሮ ሊድ አልይዝ ካለ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በምላጭ ጫፉን ፋቅ አድርገው። በብዙ የጃፓን ትንንሽ ስፒከሮች ካፓሲተሩ በቀጥታ ትዊተሩ እግር ላይ ነው የተበየደው። እዚያ ካውያውን አታቆይ። ፕላስቲኩ ይቀልጥና ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ ይላቀቃል። የሚሻለው አሮጌውን ካፓሲተር ትዊተሩ ጋ አንድ ሴንቲ እግር አስቀርተህ መቁረጥና አዲሱን እዚያች እግር ላይ መበየድ ነው።

የቬንቲሌተሩ ካፓሲተር ከድሮው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አየር ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር። ሳጥኑ ግድግዳ ላይ በሲሊኮን አጣብቀው፤ እስኪደርቅ በገመድ እሰረው። ካልተጣበቀ ባስ በመጣ ቁጥር ይንቀጠቀጥና «ዝዝ» ይልሃል፤ አንተም ዎፈሩ የተቀደደ ይመስልሃል። ዎፈሩን ስትመልስ ከስሩ ያለው ማሸጊያ ከተቀደደ በስስ ስፖንጅ ተካው። ቀዳዳ የሌለው ዝግ ሳጥን ከሆነ ዎፈሩን በሁሉም ጣቶችህ በቀስታ ገፋ አድርገህ ልቀቀው። ቀስ ብሎ ከተመለሰ አየር አያሾልክም።

ኤሌክትሮላይቲኩን በፊልም ስትተካ ትዊተሩ ትንሽ ሊሰላ ይችላል። የፊልሙ ተቃውሞ ከድሮው ያነሰ ስለሆነ ነው። «ስ» ጆሮህን የሚወጋህ ከሆነ ከካፓሲተሩ ጋር በተከታታይ 0.5 ኦም፣ 5 ዋት የሆነ ነጩን የሲሚንቶ ሬዚስተር አስገባ። ግማሽ ዴሲቤል ያህል ይቀንሰዋል። ካልበቃ 1 ኦም ሞክር። ከዚያ በፊት ግን ለሁለት ቀን ያህል ዝም ብለህ አዳምጠው። ለዓመታት የታፈነ ድምፅ የለመደ ጆሮ ትክክለኛውን ድምፅ ስል አድርጎ ነው የሚቀበለው።

ወደ መጨረሻው ጥያቄህ ልምጣ፤ ካፓሲተሩን ከፍ ባደርገውስ ላልከው። አታድርገው። 3.3 የነበረውን 6.8 ብታደርገው የትዊተሩ መነሻ ከ6,000 ወደ 3,000 ኸርዝ ገደማ ይወርዳል። ድምፁ ለጊዜው የበዛ ይመስልሃል። ነገር ግን ያ ካፓሲተር የትዊተሩ ዘበኛም ነው። መንገዱን ስታሰፋው ትዊተሩ የማይችለው ድምፅ ይገባበታል፤ ሙዚቃው ይጮሃል፣ ይሻክራል፤ ሰርግ ወይም ልደት ላይ ድምፁ ከፍ ሲደረግ ይቃጠላል። ለዚያ ዕድሜ ስፒከር የሚገጥም ትዊተር ማግኘት ደግሞ ካፓሲተር ከማግኘት በጣም ይከብዳል። በ3.1 እና በ3.5 መካከል ቆይ። ተጨማሪ ጥራት ካማረህ የአምፕሊፋየሩን ትሬብል ትንሽ ጨምር፤ ካልወደድከው መልሰህ ትቀንሰዋለህ።